የጋሽ ዶፍ በረንዳ

ድርቅ ከገደለው የቤት ውስጥ ተክል ይልቅ ደግነት የገደለው ይበልጣል። አላምንም የሚል ካለ ፎቅ ቤት ይከራይና ይየው። በየሕንፃው፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዘመድ ቤቱ አንድ ውሃ አጠጪ አይጠፋም። ቅጠል ዘንበል ብሎ ካየ እጁን ይበላዋል። የእኛ ሕንፃ የበላይ ውሃ አጠጪ ከእኔ ቤት በላይ ይኖሩ የነበሩት ክቡር ጋሽ ዶፍ ነበሩ። ስሙን ያወጣችላቸው ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ፊት ለፊት ግን ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው።

ጋሽ ዶፍ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። በሥራ ዘመናቸው እየሮጠ የሚመጣ ሰው በመስታወት ካዩ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ቢያጉረመርምም፣ እሱን ሳይጭኑ አይነሱም ነበር አሉ። ጡረታ ሲወጡ የሚጠብቁት ተሳፋሪ ጠፋ። ሚስታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል፤ አንዲት ልጃቸውም አግብታ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ገብታለች። እንግዲህ ያ ሁሉ ርኅራኄ የት ይፍሰስ? በረንዳው ላይ ፈሰሰ። በቀለም ባልዲ፣ በተቆረጠ ጀሪካን፣ እጀታው በወለቀ ድስት ያልተከሉት ነገር አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ጆጋቸውን ይዘው ይወጡና ይደፉታል። ውሃው ባልዲውን አልፎ፣ በረንዳውን አልፎ፣ እኔ ገመድ ላይ ያሰጣሁት አንሶላ ላይ ይወርዳል። ከእኔ የተረፈው ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ይደርሳል።

«ጋሼ! ልብሴ!» እላለሁ ከታች።

«ጠምቶት ነው፣ ቲቸር!» ይላሉ ከላይ።

የሚያናድደኝ የልብሱ ነገር ብቻ አልነበረም። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ተክል እንደ እኛ እግሬ አውጪኝ ብሎ ከመከራ አይሸሽም፤ ባለበት ቆሞ ራሱን ይለውጣል እንጂ። ፀሐይ ሲበረታበት ቅጠሉ ላይ ያሉትን ደቃቅ ቀዳዳዎች ይዘጋል። ችግሩ ሲጠና ቅጠሉን አራግፎ ነፍሱን ያተርፋል። ውሃ ሲበዛበት ግን ጉድ ይፈላል። ሥርም ይተነፍሳልና፣ አፈሩ ውስጥ የነበረው አየር ሲያልቅ ይታፈናል፤ የታፈነ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ስለዚህ ምስኪኑ ተክል ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። የጠማውም የሰጠመውም አንገታቸውን የሚደፉት አንድ ዓይነት ነው። ጋሽ ዶፍ የሚያዩት የተደፋውን አንገት ነው። ያጠጣሉ፤ የባሰ ይደፋል። ይጨምራሉ።

«ጋሼ፣ ሲበዛ እኮ ማርም ይመራል። ሥሩን እያፈኑት ነው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ቲቸር፣ አንቺ የምታውቂው ሰሌዳ ላይ የበቀለውን ነው» አሉኝ። «እሱን ደግሞ ደወል ሲደወል ተማሪ ያጠፋዋል።»

ልጃቸው ዘዴ ያገኘች መስሏት እሬት አመጣችላቸው። «አባዬ፣ ይሄን ብትረሳውም አይሞትም» አለቻቸው። ልጅቷ ብልህ ናት። እሬት ውሃውን ቅጠሉ ውስጥ ቆልፎ የሚኖር፣ ቀኑን አፉን ዘግቶ ውሎ አየሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚከፍት፣ የማንንም ፊት የማያይ ፍጡር ነው። ጋሽ ዶፍ ግን ምንም የማይፈልግ ፍጡር አለ ብለው አያምኑም። ብዙም ሳይቆይ እሬቱ እንደ በሰበሰ ሙዝ ሟሟ። «አንድ ቀን ማጠጣቱ አምልጦኝ ነበር፤ እሱ ነው የገደለው» አሉኝ ከልባቸው አዝነው።

ከዚያ ሁሉ ጎርፍ የፋፋው አንድ ብቻ ነበር። ስሙን ማንም የማያውቀው፣ ቅጠለ ሰፊ፣ በጀሪካን የተተከለ። ሌሎቹ ቢጫ ሆነው ሲያጣጥሩ እሱ ጭቃው ውስጥ ተንፈላስሶ ያድጋል። ዋናተኛው እለው ነበር።

ጋሽ ዶፍ ሰውንም የሚያጠጡት እንደዚያው ነበር። አንድ ጊዜ ደረጃው ላይ ሳስል ሰሙኝ። ሎሚ መጣ፣ ማር መጣ፣ የባለቤታቸው ሹራብ መጣ፣ በመጨረሻ አንድ ሙሉ ብርድ ልብስ መጣ። ሌላ ዕቃ ማስቀመጫ ቦታ ስላጣሁ ለመዳን ተገደድኩ። ልጃቸው ጋ ደግሞ ይደውላሉ። በላሽ? ጠጣሽ? ልጆቹ ሹራብ ለብሰዋል? ልጅቷ ስልኩን ማንሳት እየቀነሰች ሄደች። ዝም ስትል የከፋት መሰላቸው፤ የባሰ ደወሉ።

ዓይናቸው መድከሙ የታወቀው በጥርስ ሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል ነው። ጥግ ላይ የቆመውን አበባ በያዙት የውሃ ጠርሙስ አጠጡት። እንግዳ ተቀባይዋ ሮጣ መጥታ «አባባ፣ ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው!» ስትላቸው ዳሰስ አደረጉትና «ቢሆንስ፣ ማን ዞር ብሎ አይቶት ያውቃል?» አሉ። ልጃቸው ይህን ስትሰማ ዓይናቸውን ልታሳክማቸው ወሰደቻቸው። ከዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምናው በኋላ ማጎንበስም ዕቃ ማንሳትም ስለተከለከሉ እሷ ቤት ሰነበቱ። ቁልፉ እኔ እጅ ወደቀ።

«አደራ፣ ቲቸር» አሉኝ ደረጃው ላይ። «እንዳይጠማቸው።»

አደራውን እንደ ሙያዬ ጠበቅኩ። የተጠራቀመውን ውሃ ደፋሁ፣ አፈሩን በጣቴ እየዳሰስኩ ሲደርቅ ብቻ አጠጣሁ። ሥራቸው አየር አገኘና ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ወረደ። ቢጫው ረገፈ፣ አረንጓዴው ወጣ፣ ተስፋ የቆረጥኩበት ሁሉ አበበ። ዋናተኛው ብቻ ጫፉ መድረቅ ጀመረ። በዚህ ሁሉ ስኬት መካከል እሱን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ጋሽ ዶፍ በአዲሱ ዓይናቸው መጀመሪያ ያዩት ያንን በረንዳ ነው። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና እጇን አጨበጨበች።

«ወይኔ አባዬ! ሳትነካቸው እንዴት አምሮባቸዋል!»

ምንም ክፋት አልነበረባትም። እሳቸው ጠጋ ብለው አንድ ቅጠል በሁለት ጣታቸው ያዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ሳልኖር ነው እንዲህ የሆኑት?»

ስለ ሥርና ስለ አየር ለዓመታት ያዘጋጀሁትን ትምህርት ተውኩት። «የሰሞኑ አየር ተስማምቷቸው ነው፣ ጋሼ» አልኩ። ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነበር። ሰው አስተማሪ ሆኖ ትክክል መሆኑ እንዲህ ያስጠላዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጋሽ ዶፍ ፈገግ አሉና ጆጉን አንስተው ወጥ ቤት አስገቡት።

ከዚያ ወዲህ አንሶላዬ ደርቆ መግባት ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ተደሰተች። እኔም ልደሰት ይገባ ነበር፤ ግን ጠዋት ጠዋት ጆሮዬ ያንን ጠብታ ይጠብቅ ጀመር። ደረጃው ላይ ሳገኛቸው «ጋሼ፣ ዛሬም አላጠጡም?» አልኳቸው።

«ተያቸው፣ ይችሉበታል።»

«ልጅዎስ፣ ደህና ናት?»

«እሷም ትችልበታለች።»

ለካ ለልጃቸውም መደወል ትተዋል። ከዚያ ሁሉ ጥሪ ትሸሽ የነበረችው ልጅ፣ ስልኩ ዝም ሲል ደንግጣ መጣች። ዕቃቸውን ሸክፋ ወሰደቻቸው። እዚያም ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ከሶፋው ብድግ ሲሉ «ተቀመጥ አባዬ!» ትላለች፤ ብርጭቆ ሊያነሱ ሲሉ «እኔ አለሁልህ አይደል?» ትላለች። ብርድ ልብስ በላያቸው ላይ ትደርባለች። ውሃ አጠጪነት በዘር እንደሚተላለፍ ያየሁት እዚያ ነው። ጋሽ ዶፍ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ተቀምጠዋል።

ተክሎቹን ጎረቤት ሁሉ ተሻምቶ ወሰደ፤ ያማረ ነገር ወሳጅ አያጣም። ዋናተኛውን ግን የነካው የለም። ወደ ቤቴ አወረድኩትና በሙያዬ አከምኩት። ጥቂት ውሃ፣ ብዙ አየር። ጭራሽ ጠወለገ። ጀሪካኑን ከፍቼ ሳየው ሥሩ ሁሉ ላይኛው አፈር ላይ ተኝቷል፤ ስቆርጠው ውስጡ እንደ ስፖንጅ ክፍት ክፍት ነው። በጎርፍ ውስጥ መተንፈስ ተምሮ፣ ወደ ታች መውረዱን ትቶታል። ሌሎቹ እንደ መከራ የቻሉትን እሱ ኑሮዬ ብሎ ይዞታል። ጎርፉ ሲቀርበት ጊዜ መግቢያ አጣ። እኔም ያኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና፣ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ያለውን፣ ያልመለስኩትን ብርድ ልብስ እያሰብኩ አለቀስኩ።

ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ያ ቅጠለ ሰፊው እርስዎ ከሄዱ ጀምሮ ጠውልጓል። ብዙ ሞከርኩ፣ አቃተኝ።»

ከጀርባቸው የልጃቸው «አባዬ፣ ማነው? እንዳትደክም!» ይሰማል።

«ጠምቶት ነው» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ድሮው ሞላ ብሎ። «አትሰስቺ። ጨምሪለት።»

በማግስቱ ጠዋት ጆግ ሞልቼ ወጣሁና ደፋሁት። ጀሪካኑን አልፎ፣ በረንዳዬን አልፎ፣ ወደ ታች ወረደ።

«ቲቸር! ልብሴ!» ብላ ጮኸች ልብስ ሰፊዋ።

«ጠምቶት ነው!» አልኳት። ከዚያ እንደ ልማዴ ቀና ብዬ የላይኛውን በረንዳ አየሁ። ደርቋል።