አክስቴ ያዘዘችው ቫይታሚን

ለከፋው ሰው ሁሉ ቫይታሚን የሚያዝ ዘመድ አላችሁ? እኔ አለኝ፤ አክስቴ ዘይነባ። የካ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች እንጂ ሐኪም አይደለችም። ግን ማን ደፍሮ ይነግራታል?

እህቴ ሐያት ተመርቃ ሥራ ስታጣ ከክፍሏ መውጣት ተወች። አንድ ወር ሙሉ ጥርሷን አላየንም፤ እናቴ በጭንቀት ከሳች። አክስቴ መጥታ አየቻትና «ቫይታሚን ዲ አንሷታል!» ብላ ፈረደች። በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ ፍራሽ አነጠፈች፤ የሃያ ሦስት ዓመቷን ሴትዮ ልክ እንደ ጨቅላ ዘይት ቀብታ ፀሐይ ላይ አጋደመቻት።

«አክስቴ፣ ኧረ ሰው ያየኛል!»

«ዝም ብለሽ ተገልበጪ! ጀርባሽም ዲ ይፈልጋል።»

ይሄኔ ከእንጦጦ ማርያም የሚመለሱት ጎረቤታችን እማማ አስካለ፣ በአጥሩ ቀዳዳ የዘይቱን ጠርሙስና የፍራሹን ጫፍ ብቻ አይተው እናቴን ተጣሩ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ! ምነው ሳትነግሪኝ? ወንድ ነው ሴት?»

እናቴ ግራ ገብቷት፣ «ሴት ናት» አለች። «ዲግሪም አላት።»

ሐያት በሳቅ ፈነዳች! ከፍራሹ ተንከባልላ ሣሩ ላይ እስክትወድቅ ሳቀች። እናቴም እያለቀሰች ሳቀች። አክስቴ ግን ሰዓቷን አይታ፣ «አላልኳችሁም? ገና አምስት ደቂቃዋ ነው!» አለች።

ሥራው እስካሁን አልተገኘም። ሐያት ግን በማግስቱ ፍራሹን ራሷ ተሸክማ ወጣች። እማማ አስካለም እየሳቁ ለአራሷ ገንፎ ይዘው መጡ፤ አራሷ እናቴ ሳትቀምሰው ሕፃኗ ጨረሰችው።