ጋሽ መጨረሻና ሰው መሆን ያማረው ሮቦት

የትም ሰፈር ሂዱ፣ የፊልም መጨረሻ ሆዱ ውስጥ የማያድርለት አንድ ሰው አይጠፋም። የጎረቤት ገበና ቢነግሩት እስኪሞት አይተነፍሰውም፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ግን አምስት ደቂቃ አይዝም።

የእኛ ሰፈር ድርሻ ክቡር ጋሽ መጨረሻ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ይህኛውን ያወጣንላቸው እኛ ተበዳዮቹ ነን። ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ከመስታወቱ በላይ ቴሌቪዥን ሰቅለዋል። ደንበኛው አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮለት ቀና ብሎ ማየት ሲጀምር ምላጩን ጉሮሮው ላይ ያሳርፉና «ይቺን ሴትዮ አየሃት? ወንድሙን የምታስገድለው እሷ ናት» ይላሉ። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያለ ሰው ምን ብሎ ይቆጣል? የእኔም ስንቱ ፊልም ከጢሜ ጋር ተላጭቶ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይተዉኝ፣ ራሴ ልየው» ስላቸው መልሳቸው ያው ነው።

«እንዳትጨነቅ ብዬ ነው እኮ። አክተሩ አይሞትም።»

ትርጉምም ይሠራሉ፤ በነጻ፣ ሳይጠየቁ። ከፊልሙ ቋንቋ ጋር የሚተዋወቁት በሩቅ ሰላምታ ነው። ተዋናዩ ረጅም ንግግር አድርጎ ሲጨርስ «እሺ አላት» ብለው ያልፉታል። አንዲት ቃል ሲተነፍስ ደግሞ አክስቱ እንዳሳደገችው፣ አክስቱም ክፉ እንደነበረች ይተርካሉ።

የሮቦቱ ፊልም ሲመጣ ትንሽ ተስፋ አድርገን ነበር፤ ብረት ምኑ ይተረጎማል ብለን። ሮቦቱ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነው። አንሶላ ሲያጥብና ሲያጥፍ ይውላል። ሌሎቹን ሠራተኞች «ደከማችሁ?» ይሏቸዋል፤ እሱን ግን ማንም አይለውም። ደከመህ መባል አማረው፤ ሰው መሆን ፈለገ።

«ስንቱ ከሰው ተወልዶ ሰው መሆን አቅቶት፣ ይኸው ብረቱ አማረው» አሉ ጋሽ መጨረሻ። ግማሽ ጢሜን ሳይጨርሱም መጨረሻውን አከሉልኝ፤ ሰው ይሆናል፣ ሰው እንደሆነም ይሞታል።

«አክተር አይሞትም አልነበር እንዴ ጋሼ?»

ምላጩን በጨርቅ ጠረጉና «ይሄ ልዩ ነው» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ባለቤታቸው እትዬ ታመሙ። ሐኪሙ ጋሽ መጨረሻን ለብቻ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ የምናደርገው የለም፣ ቤታቸው ይረፉ አላቸው። እሳቸውም ለእኔ ነገሩኝና ለእትዬ ትንፍሽ እንዳልል አስማሉኝ። ለእትዬ ጨጓራ ነው ብለዋቸዋል። የፊልም ገዳይ ደብቀው የማያውቁት ሰው ይህን ያዙት። እትዬን በሽታው፣ ጋሽ መጨረሻን ምስጢሩ አከሳቸው።

ሱቁን ዘግተው ቴሌቪዥኑን ከአልጋው ፊት ለፊት ሰቀሉት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ስገባ የሮቦቱ ፊልም ተጀምሯል፤ የመረጡት እትዬ ናቸው። ጋሽ መጨረሻ የእትዬን አንሶላ እያስተካከሉ ይተረጉማሉ። እኔም ከግርጌ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አክተሩ ይሄ ብረቱ ነው አይደል?» አሉ እትዬ።

«እሱ ነው።»

እትዬ ጠበቁ። ጋሽ መጨረሻ የመድኃኒት ብልቃጥ አንስተው፣ ያለ መነጽራቸው፣ ያነቡ ጀመር።

«ታዲያ አይሞትም በለኛ።»

«መጨረሻውን አላየሁትም» አሉ ጋሽ መጨረሻ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

እትዬ ሊስቁ ሞክረው ሳል ቀደማቸው። «አንተ? ከተጋባን ጀምሮ መጨረሻውን ሳትነግረኝ ያየሁት ፊልም የለም። አፍህ የተያዘው ከሐኪሙ ክፍል የወጣህ ቀን ነው። ምን አለህ ብልህ ጨጓራ ብለህ ዝም አልክ። ያን ጊዜ አወቅሁት።»

ጋሽ መጨረሻ ብልቃጡን አስቀመጡ።

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

«እኔም እንዳትጨነቅ ብዬ ነው የማላውቅ የመሰልኩት። ለየብቻ ተሸክመነው ምን ይረባናል?» እትዬ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጋሽ መጨረሻም ያዙት። «በል አሁን ንገረኝ። ይሞታል?»

«ይሞታል።»

«ብቻውን?»

ጋሽ መጨረሻ ቴሌቪዥኑን አዩ፤ ከዚያ እትዬን።

«ኧረ ምን ሲደረግ። አብራው አንሶላ የምታጥፍ ሴትዮ አለች። አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ እጁን ይዛ፣ ደከመህ ወይ ትለዋለች።»

«እንዲያ ከሆነስ ደግ ነው» አሉ እትዬ። «ዓይኔን ልክደን፤ አንተ እየነገርከኝ ልስማው።»

ፊልሙን በኋላ ራሴ ስላየሁት አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ያለች ሴትዮ የለችም። የዚያን ቀንም እትዬ ዓይናቸውን ከድነው ሲሰሙ፣ የቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ሮቦቱ ከማጠቢያ ማሽኑ ሥር ለብቻው ወድቆ ነበር። ጋሽ መጨረሻ ግን የሌለችውን ሴትዮ አንድም ቃል ሳያስቀሩ ይተረጉሟት ጀመር። ምን እንዳለችው፣ እሱ ምን እንደመለሰላት፣ እንደገና ምን እንዳለችው ሲናገሩ ቆዩና ድምፃቸው ተቆረጠ። ስወዳቸው የኖርኩ መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው። ወንበሬን ወደ አልጋው ጠጋ አድርጌ «ከዚያስ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።