ፒያሳን ከመስጠም የሚጠብቁት አቶ ሉልሰገድ

ሳይጠየቅ የሚያስጠነቅቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ጊዮርጊስ አካባቢ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አቶ ሉልሰገድ ናቸው። የሌላ ሰፈር አስጠንቃቂ ስለ መኪናና ስለ ሌባ ያወራል፤ እሳቸው የሚያስጠነቅቁት ስለ ባሕር ነው። በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ ጸሐፊ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ምናምን ዓመት ፒያሳን ከመስጠም ሲጠብቁ ኖረዋል፤ እስካሁንም አንድ ሰው አልሰጠመባቸውም።

ፍዳዋን የምታየው ረይሀና ናት፤ የሽቶ ሱቋ እሳቸው ከሚውሉበት ካፌ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ከእህቷ ከኢክራ ጋር ወደ ኬንያ የባሕር ዳርቻ ልትሄድ መሆኗ ከአፏ ያመለጣት ቀን፣ ማኪያቶዋ እስኪቀዘቅዝ ያዟት።

“ባሕሩ ውስጥ እንደ አጥር የተጋደመ አለት አለ?”

“አለ አሉ፣ ጋሼ። ሞገዱን ስለሚመልሰው ውሃው እንደ ሳፋ ውሃ ዝም ያለ ነው።”

“እሱን ነው መፍራት! ሞገድማ ሲመጣ ይታያል። ውሃው ሲሸሽ ግን በአለቱ ክፍተት ነው የሚወጣው፤ ያገኘውን ይዞ። ከወሰደሽ አትታገዪው፤ ወደ ጎን ዋኚ። ወዴት አልኩ?”

“ወደ ጎን፣ ጋሼ” አለች፣ ታክቷት።

ዳርቻው ከከተማ የራቀ ነበር፤ ነጭ አሸዋ፣ ጠባቂ የለ፣ ሰው የለ። ረይሀና ሆቴል ገንዳ ውስጥ በተማረችው ዋና ተማምና ገባች። ውሃው ለብ ያለ ነው። ዞር ስትል አሸዋው ላይ የቀረችው ኢክራ ጣት አክላለች። ወደ እህቷ ዋኘች፤ ኢክራ ይብስ አነሰች። ክንዷ ዝሎ ጨው ጉሮሮዋን ሲያንቃት ያ አሰልቺ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። “እዚህም ተከተሉኝ!” ብላ ተናደደች፤ እየተናደደች ወደ ጎን ዞረች። ከብዙ ቆይታ በኋላ እግሯ አሸዋ ነካ።

ተመልሳ ስትነግራቸው “አላልኩሽም?” እስኪሉ ጠበቀች። አላሉም። ስኒያቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

“እኔ እኮ መዋኘት አልችልም” አሉ። “ኪሮስ የሚባል የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ውሃው ወስዶት ወደ እኔ ሲታገል፣ አሸዋው ላይ ቆሜ ‘በርታ፣ ወደዚህ!’ እያልኩ እጮህ ነበር። ወደ ጎን ማለት እንደነበረብኝ ዓሣ አጥማጆቹ የነገሩኝ በማግሥቱ ነው።”

ሱቋ በር ላይ ደንበኛ ቆማለች። ረይሀና በእጇ ቆዪኝ አለቻትና ወንበሯን ወደ ሽማግሌው አስጠጋች።

“ጋሼ፣ ኪሮስ ምን ዓይነት ሰው ነበር?”

“ወይ ኪሮስ! የአለቃችንን አረማመድ ሲያስመስል ብታዪው!” አሉና ከወንበራቸው ተነሡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ካፌው መሃል፣ ደረታቸውን ነፍተው እየተንጎራደዱ ያሳዩዋት ጀመር።