የመዝጊያው መዝሙር ኪይ

[ቅዳሜ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2002 ዓ.ም.፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 17፣ 2009። ቶሮንቶ፣ ከዳንፎርዝ ጎዳና ገባ ብሎ የሚገኝ የአንድ የድሮ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። የኢትዮጵያውያን ኦርጋን ተጫዋቾች ማህበር ዓመታዊ ምሽት ሊጀመር አራት ሰዓት ቀርቶታል። ጠረጴዛው ላይ የዝግጅቱ መርሐ ግብር አለ። የጻፈችው የማህበሩ ጸሐፊ አጸደ ናት፤ ካረፈች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ሰባቱ ተራ ቁጥሮች ሙሉ ናቸው። ስምንተኛው «መዝጊያ መዝሙር። ባህሩ በኪቦርድ፣ ወይዘሮ ማርጋሬት በትልቁ ኦርጋን። ኪይ፦» ይልና መዝሙሩ የሚዘመርበት የድምፅ ከፍታ ሊጻፍበት የሚገባው ቦታ ባዶ ይሆናል። ወይዘሮ ማርጋሬት የዚሁ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ናቸው። የማህበሩ ሊቀመንበር ባህሩ እስክሪብቶ ይዞ ባዶው ላይ አጎንብሷል። የማህበሩ አባል ሳህሉ ትልቅ ስፒከር ተሸክሞ አጠገቡ ቆሟል።]

ባህሩ፦ ዲ ነው አልኩህ፣ ዲ!

ሳህሉ፦ ኤፍ ይመስለኛል።

ባህሩ፦ አንተ ምን ስለሆንክ ነው የሚመስልህ?

ሳህሉ፦ ይሄ ስፒከር ከብዶኛል። ላስቀምጠውና ይምሰለኝ?

ባህሩ፦ አስቀምጠው። እዚያ አይደለም! እዚህም አይደለም! በቃ ያዘው። ይኸውልህ ለእኔ የተጻፈው ወረቀት። አጸደ በእጇ የጻፈችው። ምን ይላል?

ሳህሉ፦ «ለባህሩ፦ ዲ።»

ባህሩ፦ ጨረስን!

ሳህሉ፦ ይሄ ደግሞ የወይዘሮ ማርጋሬት ነው። ይሄም የአጸደ ጽሑፍ ነው። «ለወይዘሮ ማርጋሬት፦ ኤፍ።»

ባህሩ፦ አንድ መዝሙር በሁለት ኪይ! ችግሩ ገባህ?

ሳህሉ፦ አልገባኝም። ጠዋት ስትለማመዱ ገጥሞ ነበር እኮ። ማርጋሬት እንዲያውም ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ባህሩ፦ እንቅልፍ ይዟቸው ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

ሳህሉ፦ ግን ገጠመ።

ባህሩ፦ የገጠመው ተበላሽቶ ነው! ቀስ ብዬ ላስረዳህ። ትልቁ ኦርጋን ሦስት ግማሽ ድምፅ ወርዷል። ሴትዮዋ ኤፍ ሲነኩ የሚወጣው ዲ ነው። እኔም የምጫወተው ዲ ነው። ስለዚህ ገጠመ።

ሳህሉ፦ ከገጠመ ታዲያ ምን ያጨቃጭቀናል?

ባህሩ፦ ሲጠገንስ? ለቤተ ክርስቲያኑ ደብዳቤ ጽፌ ባንተ ልኬ የለ? «ኦርጋናችሁ ወርዷል፤ ከዝግጅቱ በፊት ቃኚ ይምጣልን» ብዬ። ሰውየው ሲመጣ ያስተካክለዋል። ያኔ ኤፉ ኤፍ ይሆናል። እኔ በዲ፣ እሳቸው በኤፍ፣ ሁለት መቶ ሰው ፊት! ስለዚህ ይኸው።

[የማርጋሬት ወረቀት ላይ «ኤፍ»ን ሰርዞ «ዲ» ይጽፋል።]

ሳህሉ፦ [ስፒከሩን ያወርደዋል] የአጸደን ጽሑፍ ሰረዝክ?

ባህሩ፦ አረምኩ።

ሳህሉ፦ በዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ፊደል ተሰርዞባት አያውቅም። አንተ እንኳ ስብሰባ ስታረፍድ በቃለ ጉባኤዋ «ሊቀመንበሩ ዘግየት ብለው ደረሱ» አትልም፤ «ሊቀመንበሩ ሰባት ደቂቃ ዘግይተው ደረሱ» ነው የምትለው።

ባህሩ፦ ስድስት ነበር።

ሳህሉ፦ እሱንም ጽፋዋለች። «ሊቀመንበሩ ስድስት ነው ብለዋል።»

ባህሩ፦ ሰው ናት፤ ትሳሳታለች። ሕመም ላይ ነበረች። ማታ በመታሰቢያ ንግግሬ ላይ በክብር አነሳዋለሁ። ስማ። [ከኪሱ ወረቀት ያወጣል] «ውድ እህታችን አጸደ ተጫዋች ለሌላቸው ጉባኤዎች በየወሩ ተራ ስታወጣ፣ የግንቦቱን የኦርጋን ጉብኝት ስታዘጋጅ፣ ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ ኖራለች። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የተሳሳተችው አንዴ ብቻ ነው። ስሕተቷንም በሰዓቱ ደርሼ አርሜላታለሁ። ይቅርም ብያታለሁ።»

ሳህሉ፦ ይቅር?

ባህሩ፦ ይቅር።

ሳህሉ፦ እህቷ ፅጌረዳ ከፊት ወንበር ተቀምጣ?

ባህሩ፦ እሷም ይቅር ትላታለች።

ሳህሉ፦ [አዳራሹን አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ይመለሳል] ባህሩ፣ እባክህ ያቺን አንዷን መስመር አውጣት።

ባህሩ፦ ማስረጃ አምጣና አወጣታለሁ። እኔ የምሠራው በጆሮዬ ነው። ጆሮዬ ደግሞ አይሳሳትም።

ሳህሉ፦ እሺ። እስቲ ያንን ፒያኖ ኤፉን ንካው።

ባህሩ፦ [ይነካል፤ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል] ዲ! ይሄም ወርዷል!

ሳህሉ፦ እሱም ሦስት?

ባህሩ፦ ልክ ሦስት። እርጥበት ነው። ሐይቁ ቅርብ ነዋ።

ሳህሉ፦ የእኔንስ ኪቦርድ?

ባህሩ፦ [ይነካል] ውይ! ውይ! የአንተማ ሞቷል!

ሳህሉ፦ በእርጥበት?

ባህሩ፦ በርካሽነት። እንደ እኔ ፕላስ ስሪውን ግዛ ብዬህ ነበር። አልሰማህም።

ሳህሉ፦ ሦስቱም እኩል ሦስት ሦስት ወረዱ ማለት ነው?

ባህሩ፦ አየህ? ሦስት ምስክር አለኝ! እንዲያውም ስምንት ናቸው። በግንቦቱ ጉብኝት አምስት ቤተ ክርስቲያን ዞረን አልነበረም? አምስቱም ኦርጋኖች ወርደው ነበር። ይህች ከተማ ጆሮ የላትም።

ሳህሉ፦ ያንተ ኪቦርድ ብቻ ነው ያልወረደው።

ባህሩ፦ መለኪያው እሱ ነዋ! ጆሮዬ የተገራው በሱ ነው። ቤቴ ያለው ማቀዝቀዣ በየትኛው ኪይ እንደሚጮህ ታውቃለህ? ቢ ፍላት! ሌሊት ተኝቼ እሰማዋለሁ። ባለቤቴን ኤፍራታን ቀስቅሼ እነግራታለሁ።

ሳህሉ፦ ምን ትልሃለች?

ባህሩ፦ ተኛ ትለኛለች። ሙዚቃ አይገባትም።

ሳህሉ፦ [ወንበር ስቦ ይቀመጣል] ስለ ፕላስ ስሪ አንድ ነገር ላጫውትህ። አምና ልገዛ ሄጄ ነበር።

ባህሩ፦ ሳትነግረኝ?

ሳህሉ፦ ድንገት ይዤ ብቅ ልልብህ ብዬ። ሻጩን «ጓደኛዬ ያለው ዓይነት፣ በርቶ እስክሪኑ ላይ ፕላስ ስሪ የሚል ሞዴል አለህ?» አልኩት። ሌላ ሻጭ ጠራ። «እስቲ ለሱ ንገረው» አለኝ። ነገርኩት። እሱ ደግሞ ሌላ ጠራ።

ባህሩ፦ እንደ ልብ አይገኝማ።

ሳህሉ፦ ሦስቱም ሲስቁ ቆዩ። መጨረሻ ላይ አንዱ አጠገቡ ያለውን ተራ ኪቦርድ አበራና አንድ ቁልፍ ሦስት ጊዜ ተጫነ። ፕላስ ዋን። ፕላስ ቱ። ፕላስ ስሪ።

ባህሩ፦ ምን ለማለት ነው?

ሳህሉ፦ ትራንስፖዝ ነው፣ ባህሩ። ጣትህ ሳይንቀሳቀስ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው። ያንተ ሦስት ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ነው ያለው።



ባህሩ፦ ትራንስፖዝን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ!

ሳህሉ፦ አዎ። ጥሩ አድርገህ ነው ያስተማርከኝ።

ባህሩ፦ እኔ ነክቼው አላውቅም!

ሳህሉ፦ ኢቶቢኮ ሰፈር፣ የሃብታሙ ሠርግ። ማህበሩ በተቋቋመበት ዓመት። ዘማሪው ስለሺ «አዳራሹ ተኝቷል፤ ከፍ አድርግልኝ» አለህ። አደረግክለት። መልሰህ አላወረድከውም።

ባህሩ፦ ሲጠፋ ራሱ አይመለስም?

ሳህሉ፦ የእኔ ይመለሳል። ርካሽ ስለሆነ። ያንተ የመጨረሻውን ይዞ ነው የሚነሳው።

[ባህሩ ወደ ኪቦርዱ ሄዶ እስክሪኑን ያያል። በእጅጌው ይጠርገዋል። እንደገና ያያል።]

ባህሩ፦ ዐሥራ አንድ ዓመት! ታዲያ ዘማሪዎቹ ድምፃቸው ተሰንጥቆ እንዴት አልጮኹም?

ሳህሉ፦ አጸደ ነበረቻ። ለሁላችንም ዘማሪው የሚፈልገውን ኪይ ነው የምትጽፈው። ላንተ ብቻ ሦስት ዝቅ ታደርጋለች። ኤፍ ከሆነ ዲ። ጂ ከሆነ ኢ። ተራ ባወጣች ቁጥር።

ባህሩ፦ እሷ በምን አወቀች?

ሳህሉ፦ ፒያኖው አጠገብ ተቀምጣ ሰማችሃ። እኔ ከሱቁ ወጥቼ በቀጥታ ልነግራት ሄድኩ፤ ሻይ አቀረበችልኝና «ተቀመጥ፣ አንተ ዘጠነኛው ነህ» አለችኝ።

ባህሩ፦ ዘጠነኛው? ማህበሩ ስንት ሰው ነው?

ሳህሉ፦ ከእሷ ሌላ ዐሥራ አንድ።

ባህሩ፦ ስለዚህ እኔና አንድ ሌላ ሰው ነን የማናውቀው?

ሳህሉ፦ ጥሩነህ ኋላ ሰምቷል።

ባህሩ፦ [ይቀመጣል] ኤፍራታስ?

ሳህሉ፦ ኤፍራታ ልጅ ሆና ፒያኖ ተምራለች አይደል? ማቀዝቀዣው ቢ ፍላት አለመሆኑን ታውቃለች።

ባህሩ፦ ምንድን ነው ታዲያ?

ሳህሉ፦ ሲ ሻርፕ።

ባህሩ፦ [ራሱን ይዞ] ሲ ሻርፕ! ለምን አልነገረችኝም? አጸደን ነው የምልህ። ሌላው ይቅር፤ እሷ እንኳ እውነት የማትፈራ ሴት ናት።

ሳህሉ፦ ጠይቄያት ነበር። «ባህሩ ጆሮዬ አይሳሳትም ሲል ደስ ይለዋል፤ እኔ የምቀንሰው ሦስት ብቻ ነው» አለች። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ዛሬም አልናገርም ነበር። አንተ ግን ቆመህ ተሳሳተች ልትል ነው። እኔ መሳቂያ ብሆን ለምጄዋለሁ፤ አንተም ትለምደዋለህ። እሷ ግን መልስ መስጠት አትችልም።

ባህሩ፦ ይሄን ባዶ ቦታስ ለምን ተወችው?

ሳህሉ፦ እኔ የሚመስለኝ፣ ኤፍ ብላ ብትጽፍ ሁለት መቶ ሰው እጅ ይገባል፤ አንተም አይተህ ትጠይቃለህ። ዲ ብላ ብትጽፍ ደግሞ ሐሰት ነው። ሐሰት ጽፋ አታውቅም። ልታስብበት ነበር።

ባህሩ፦ ለእኔ ስትጽፍስ? በየወሩ ዲ፣ ኢ ስትለኝ ሐሰት አልነበረም?

ሳህሉ፦ ጣትህ ያለው ዲ ላይ ነው እኮ።

[ባህሩ ጣቶቹን ያያል። ድንገት ዘሎ ይነሳል።]

ባህሩ፦ ሰውየው! ቃኚው! ደህናውን ኦርጋን ሦስት ከፍ አድርጎ ሊያበላሸው ነው! ደብዳቤዬ!

ሳህሉ፦ ቫኑ ውስጥ ነው።

ባህሩ፦ ሰውየው?

ሳህሉ፦ ደብዳቤው። አላደረስኩትም።

ባህሩ፦ የሊቀመንበር ደብዳቤ ቫን ውስጥ አስቀመጥክ?

ሳህሉ፦ ከሌሎቹ ጋር ነው ያስቀመጥኩት። ለአምስቱም ቤተ ክርስቲያኖች ከጻፍካቸው ጋር።

[ባህሩ የማርጋሬትን ወረቀት ያነሳና የጻፈውን «ዲ» ሰርዞ በላዩ «ኤፍ» ይጽፋል። ከንግግሩ ስለ ስሕተቷ የሚሉትን ሁለት መስመሮች፣ ከዚያም «ይቅርም ብያታለሁ» የሚለውን ያጠፋል። መርሐ ግብሩን ይስባል። ስምንተኛው ተራ ቁጥር ላይ እስክሪብቶውን ያሳርፋል።]

ባህሩ፦ ኤፍ።

ሳህሉ፦ ኤፍ።

ባህሩ፦ [ጽፎ] ኪቦርዱንስ ላውርደው? ወደ ዜሮ?

ሳህሉ፦ ዛሬ ተወው። ይሄን መዝሙር በኤፍ ተጫውተህ አታውቅም፤ ጥቁሯን ቁልፍ ትረሳታለህ። ነገ ታወርደዋለህ።

ባህሩ፦ ነገ አወርደዋለሁ። ስለዚህ ተሳስታ አታውቅም። በዐሥራ አንድ ዓመት፣ አንዴም?

ሳህሉ፦ አንዴ ተሳስታለች።

ባህሩ፦ [ፊቱ እየበራ] መቼ?

ሳህሉ፦ ሐሙስ ዕለት። ልታርፍ አንድ ቀን ሲቀራት። በቫን ይዣት የዞርኩት እኔ ነኝ። እዚህ ዳንፎርዝ ላይ ካለው ኮፒ ቤት የዘማሪዎቹን ግጥም አባዝታ፣ እዚያው በስቴፕለር አያይዛ፣ ቤት ለቤት አደረሰች። መጨረሻ ፓርክዴል ሰፈር ደረስን፤ ዘማሪዋ ፍቅርአዲስ ጋ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም። «እኔ ላድርስልሽ» ብላት እምቢ አለች። ፍቅርአዲስ ያላት ጥያቄ ካለ እንዳትቸገር ብላ ነው። ወጥታ፣ ወርዳ፣ መኪና ውስጥ ገብታ ቦርሳዋን ስትከፍት ስቴፕለሩ አለ።

ባህሩ፦ የኮፒ ቤቱ?

ሳህሉ፦ የኮፒ ቤቱ። ከወረቀቱ ጋር ቦርሳዋ ገብቶ።

ባህሩ፦ ታዲያ ይሄ ስሕተት ነው? በማግስቱ መመለስ ይቻል የለም እንዴ።

ሳህሉ፦ እኔም እንደዚያ ነው ያልኳት። «ደክሞሻል፣ ነገ በዚያው ሳልፍ እጥልለታለሁ» አልኳት። «ሳህሉ፣ የእኛ አይደለም» አለችኝ። በዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ከሥራ ሲወጣ፣ ከፓርክዴል ዳንፎርዝ! ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቅናት። አንድ ሰዓት ሙሉ ስቴፕለሩን ጭኗ ላይ ይዛ።

ባህሩ፦ ደረሳችሁ?

ሳህሉ፦ ሊዘጋ ሲል። መኪና ማቆሚያ አጥቼ መንገድ ላይ ቆምኩ፤ ከኋላዬ ጥሩምባ ይነፋብኛል። እሷ ቀስ ብላ ወርዳ ገባች። በመስታወቱ አያታለሁ። ሰውየው መጥፋቱን እንኳ አላወቀም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት፣ ይቅርታ ጠየቀችው፣ ወጣች።