የሰይድ ሥራ ለአማቱ ሲብራራ

ድሮ ሥራ ማለት ሲጠይቁህ በአንድ ቃል የምትመልሰው ነገር ነበር። ሹፌር። ነጋዴ። ገበሬ። መካኒክ። ጠያቂው «ጎሽ» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል። የዛሬ ልጆች ሥራ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ላብህ እስኪንጠፈጠፍ አብራርተህ ስትጨርስ ደግሞ «እሺ፣ ሥራውስ?» ይሉሃል። እኔ በበኩሌ የማላውቀው ሥራ ከሰማሁ እስካጣራ ድረስ ምግብ አይበላልኝም።

የእህቴን ልጅ የሰይድን ሥራ ለማጣራት መርሳና ወልድያ ተመላልሼ ጫማ ጨርሻለሁ። መድረክ ላይ ወጥቶ ግጥም በቃሉ ይላል፣ ከኋላው ክራር በቀስታ እየተለቀቀለት። ግጥሙ ሲያልቅ ወጣቶችን ያበረታታል። «ትችላላችሁ!» ይላል። ምን እንደሚችሉ አይነግራቸውም፤ እሱን ለእነሱ ትቶላቸዋል። እንዳትንቁት ታዲያ! ወልድያ አዳራሽ ውስጥ «ተነሡ!» ብሎ ሲጮህ ደጅ የቆሙት ባጃጆች ያለ ሹፌር ከተማውን ዞረው ተመለሱ። ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሄዶ ሲናገር ደግሞ ለምርምር የተዘራው ማሽላ ከወቅቱ ቀድሞ አፈራ ይባላል። የሚለው እንግዲህ እኔ ነኝ።

ይህ ሰይድ የውርጌሳዋን ዘይነባን ወደደ፤ እሷም ወደደችው። የቀሩት አባቷ ጋሽ ሙሔ ነበሩ። ሽንኩርት አምራች ናቸው፤ ቃል ሲያወጡ እንደ ዘር እየመረጡ ነው። ለሽምግልና የተላክሁት እኔ እንደ ደንቡ ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ጉዳዬን ተናገርሁ።

«ሥራው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሰው ይመክራል።»

«ሰው የማይመክር ማን አለ? ሥራውን ነው የጠየቅሁዎት።»

«ሥራው እሱ ነው። ተከፍሎት ይመክራል።»

ጋሽ ሙሔ ሰማዩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ወይ ጉድ! እኛ ልጆቻችንን በነፃ መክረናቸው አልሰሙን!»

ልጅቱ ከእጃችን ልትወጣ ነው ብዬ ስሰጋ፣ ወደ ቤታቸው ውስጥ ጠቆሙኝ። ከማል የሚባለው ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ከመጣ ወዲህ ስልኩን አቅፎ መደብ ላይ ተጋድሟል። ማሳ ና ሲሉት አይሄድ፣ ሥራ ፈልግ ሲሉት አይሰማ።

«የእርስዎ ልጅ ይህን ካስነሣልኝ ዘይነባን እሰጠዋለሁ። ካልሆነ ግን በዚህ በር አትምጡብኝ» አሉ።

ሰይድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጣ። ጎረቤቱም ጉዱን ሊያይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላ። ሰይድ የራሱን ስልክ መስኮት ላይ አስቀምጦ የተቀዳውን ክራር ለቀቀ፤ ዓይኑንም ጨፈነ።

«ወንድሜ ሆይ፣ ነገ ያንተ ነው!»

«አሚን!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

ሰይድ ዓይኑን ገለጠ። የለመደው ጭብጨባ ነው። የእኛ አገር ሰው ደግሞ መልካም ነገር ድምፅ ከፍ ተደርጎ ከተነገረው ምርቃት ነው ብሎ ይቀበላል እንጂ ማጨብጨብ ምን ያደርግለታል?

«እንቅፋትህ መሰላል ይሆንሃል!»

«አሚን፣ ያ ረቢ!»

«አብራችሁኝ ናችሁ?»

«እዚሁ ነን፣ ወዴት እንሄዳለን ልጄ?» አሉ አንዲት እናት።

ከማል ጣሪያውን እያየ ነው። ዘይነባ ከመጋረጃው ኋላ የሻሿን ጫፍ ትነክሳለች። ሰይድ ግንባሩን ጠረገና ክራሩን አጠፋው። ሄዶም መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እኔም ተመርቄ እናቴ ቤት እንዲህ ተኝቼ ነበር» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «የሚመክረኝ ሞልቶ ነበር፤ የጠፋው የሚሰማኝ ነው። አንድ ቀን መርሳ ላይ ለጓደኞቼ ግጥም ብል ሰው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ወዲያ መተኛት አቃተኝ።»

ከማል ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። ከዚያ በሁለት እግሩ ቆመ። ቤቱ «አላሁ አክበር!» ብሎ ሲጮህ የጣሪያው ቆርቆሮ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተመለሰ። ጋሽ ሙሔ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ለልጃቸው ዶማ ሊያመጡ ዞሩ።

«ሰይዶ» አለ ከማል፣ «ያቺን ክራር ከየት ነው የምታወርዳት?»

«ለምንህ?» አሉ አባት፣ በቆሙበት ደርቀው።

«እኔም ተናጋሪ ልሆን ነው፣ አባ። ይሰማኛል፣ እችላለሁ!»

«አሚን!» አለ ጎረቤቱ፣ ከልቡ።

ጋሽ ሙሔ ዶማ ማምጣቱን ተዉት። ኋላ ወደ ሰይድ ዞረው፣ «ቃሌን አላጥፍም። ዘይነባን ውሰድ» አሉት። ከማልን በጣታቸው እያሳዩም ጨመሩ፦ «ይህንንም አብረህ ውሰድልኝ።»