ጽጌረዳዋን የበላችው አህያ

ሹመት አደራ ነው። አደራውን ቃል በቃል ውሃ ያጠጡ ሹመኞች ግን ጥቂት ናቸው፤ አቶ ዳኘው ከጥቂቶቹ አንዱ ነበሩ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ከተማ፣ ለክብሩ ሲባል ስሙ የማይጠራ የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነው በተሾሙ ሰሞን፣ ግቢው መሐል አንዲት ጽጌረዳ ተከሉ። «ግቢውን ያላስዋበ ተቋም ተገልጋዩን አያረካም» ብለውም ንግግር አደረጉ። ተጨበጨበ።

ሠራተኛው በተራ ያጠጣት ጀመር። ከሰዓት በኋላ የሚያጠጣው ጧት ካጠጣው ላለማነስ ጨምሮ ያጠጣል። ፀሐይ እንዳይነካት ዳስ ተጣለላት፤ ባለጉዳዩ ከዳሱ ውጭ ፀሐይ ላይ ይሰለፋል። መከርከም ግን ማንም አልደፈረም፤ አለቃ የተከለውን በመቀስ የሚነካ ማን አባቱ ነው? ጽጌረዳዋ በእንክብካቤ ብዛት ረዘመች፣ ቀጠነች፣ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። አበባ ብቻ አላወጣችም። የአቶ ዳኘው ልብ ተሰበረ።

አንድ የገበያ ቀን ወይዘሮ በለጠች የሚባሉ የገጠር መበለት አህያቸውን ከአጥሩ አስረው እንደ ልማዳቸው ገቡ።

«ጌታዬ፣ የመሬት ደብተሬ ነገር እንዴት ሆነ?»

«እማማ፣ ፋይልዎ ጠፍቷል ተብለው የለም?»

«ብለውኛል። ጎረቤቴ ግን አልጠፋም፤ ዘንድሮም ድንበሬን ገፍቶ አርሶታል።»

«ይታገሡ እንጂ። ዛሬ ቢሮው በሙሉ የጽጌረዳዋን ቢጫነት ይገመግማል።»

ግምገማው ጥልቅ ነበር፤ ኮሚቴ እንዲቋቋምም ተወሰነ። ውሳኔውን ይዘው ሲወጡ አህያዋ ገመዷን በጥሳ ዳሱ ሥር ቆማለች። ከጽጌረዳዋ የቀረው ጉቶ ነው።

«የማን ናት?» አሉ አቶ ዳኘው።

«የኔ ናት፣ ጌታዬ» አሉ ወይዘሮ በለጠች። «እሷ እንደኔ ተራ መጠበቅ አታውቅም።»

አቶ ዳኘው ክስ እንዲመሠረት አዘዙ። ክስ ደግሞ የተከሳሽ ቀበሌና የይዞታ ቁጥር ይፈልጋል። ጸሐፊዋ ሳሌም ማኅደር ቤት ገብታ ፋይሉን ከመደርደሪያው አውርዳ መጣች።

«ደብተር አልወጣላቸውም» አለች።

«ማንነቱ በደብተር ያልተረጋገጠ ሰው መክሰስ የተቋሙን ስም ያጎድፋል» አሉ ኃላፊው። «አሁኑኑ ይሠራ።»

ተሠራ፤ ፈረሙ፤ ማኅተም አረፈበት። ወይዘሮ በለጠች ከምሳ በፊት በአንድ እጃቸው ደብተሩን፣ በሌላው ክሱን ይዘው ወጡ። ጎረቤታቸውም ማኅተሙን ባየ ጊዜ ጥማዱን ወደ ራሱ መሬት መለሰ።

ጥቂት ሰንብቶ ከጉቶው ለምለም ቀንበጥ ወጣ። ቀጥሎ ግቢውን ያደመቀ ቀይ አበባ ፈነዳ። አቶ ዳኘው ሠራተኛውን ሰበሰቡ፤ «ይህ ያልተቋረጠ ክትትላችን ፍሬ ነው» አሉ። ተጨበጨበ። በደስታቸው ብዛት ክሱንም በምሕረት ዘጉት።

በቀጣዩ የገበያ ቀን በመስኮት ሲመለከቱ፣ ከአጥሩ ውጭ ገበሬው አህያ አህያውን በገመድ ይዞ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፏል። ሳሌምን ጠሩ።

«ምን ሆነው ነው?»

«ባለጉዳዮች ናቸው። ደብተር ፈልገው ነው።»

«አህዮቹስ?»

ሳሌም አንገቷን ደፋች። «ከማመልከቻው ጋር አባሪ ነው ይላሉ።»