የእናቴ ማኅበር ከአጥሩ ማዶ ቀረ

ወገን፣ የዛሬውን ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ? አንድ ማኅበር ሙሉ እናቶች ከነቄሳቸው ከጓሮዬ አጥር ማዶ ቆመው ቀሩ!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እናቴ ዕድሜዋን የፈጀችው አሮጌው ሰፈር ቁስቋም ነው። እኔ ከከተማው ዳር፣ አዲሱ ማስፋፊያ ሰፈር ቤት ሠራሁና እየተለማመጥኩ አመጣኋት። ውኃ ግቢ ውስጥ፣ ሰፊ ሳሎን፣ ምን ጎደለ?

መንገድ!

ቁስቋም በየትኛዋም ጠባብ መንገድ ብትገቡ የሰው ደጅ ታካችሁ ሌላዋ ላይ ትወጣላችሁ። እዚህ ግን ሁሉም መንገዱን እስከ ራሱ በር አምጥቶ በብሎኬት ይዘጋዋል። ከጀርባዬ ያለው ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" እለዋለሁ፤ ቤቱ ለመሄድ ግን አስፋልት ወርጄ ባጃጅ መያዝ አለብኝ።

ዛሬ የማርያም ማኅበር ተራው የእናቴ ነበር። በአዲሱ ቤት የመጀመሪያዋ ነው። ጠላው ተጠምቋል፣ ዳቦው ወጥቷል፣ እሷ ነጭ ለብሳ በር በሩን ታያለች። እኔ ጎበዟ ደግሞ ለባጃጆቹ ሎኬሽን ላክሁ።

ባጃጆቹ እናቶቹን ከጓሮው ማዶ አራግፈዋቸው ሄዱ። ስልኩ እኮ አልተሳሳተም! አጥሩ ብቻ ነው መሀል የገባው።

ዞራችሁ ኑ አልኳቸው። ዞሩ፤ ግንብ ገጠማቸው። በሌላ በኩል ሞከሩ፤ የሰው ጋራዥ ሆነ። ባጃጆቹን መልሼ ብደውልላቸው አንድም አላነሳ። የእናቴ የልብ ጓደኛ እትዬ ዘውዴ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ቄሱ ፀሐዩ ሲከርባቸው "ልጄ፣ እዚህ ሰፈር ሰው ቢሞት ሬሳው በየት ይወጣል?" ብለው በአጥሩ ላይ ጠየቁኝ።



መሰላል አቁሜ ዳቦና ጠላውን አቀበልኩ። ቄሱ ባረኩት፣ እናቶቹ ቆመው ቀመሱ። እናቴ ከታች ሆና የሰዎቿን ድምፅ ትሰማለች፣ ፊታቸውን አታይም። እኔ እያላበኝ "ይጨመር?" እላለሁ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ከዚያ እትዬ ዘውዴ ቀስ ብለው "እንግዲህ እኅቴ፣ ከዚህ ወዲያ ተራሽን እኛ እናወጣልሻለን። አንቺ ከቤትሽ ሆነሽ በጸሎት አስቢን" አሏት።

ከማኅበሩ ወጣች ማለት ነው። በትሕትና።

እናቴ የማኅበሩን ጽዋ በነጠላዋ ጠቅልላ አዘለችና እኔን "ውረጅ" አለችኝ። መሰላሉን ወጣች! እኔ እግሯን ይዤ ደገፍኳት፣ ያ የሚያስነጥሰው ጎረቤት ከማዶ ጠረጴዛ አቁሞ ተቀበላት። እልልታው እኔ ዘንድ ድረስ ተሰማ።

አሁን ደወልኩላት። ቁስቋም እትዬ ዘውዴ ቤት ናት።

"ምነው እማ፣ መቼ ነው የምትመጪው?"

"እዚህ ሸጋ ነው ልጄ። ይልቅ አንቺ ነይ፤ ወደዚህ እንኳ መንገድ አለ።"

ሳሎኑ መሀል ብቻዬን ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ነው ይህን ፖስት የማደርገው።

ለእናታችሁ ቤት የምትሠሩ ልጆች፣ መጀመሪያ ማን ሊጠይቃት እንደሚመጣ፣ በየትስ በኩል እንደሚገባ ጠይቋት። እኔ የጠየቅኋት የሴራሚኩን ቀለም ነበር።